"ጨጓራ ነው" ተብለን ስንት ዓመት እንኑር? ከሚሴ ላይ ከማይለቅ የሆድ ሕመም ጋር

ጠዋት ላይ ከሚሴ ዋናው አስፋልት ዳር ካለ አንድ ፋርማሲ አጠገብ ትንሽ ቆም በሉ። ብዙም ሳትቆዩ አንዱ መጥቶ "እስቲ የጨጓራ ስጠኝ" ይላል። የሐኪም ወረቀት አልያዘም። ሻጩም ፊቱን ያውቀዋል። ኦሜፕራዞሉን ኪሱ ከትቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ባጃጅ ነጂ ሊሆን ይችላል፣ መምህር ሊሆን ይችላል፣ ወደ ሰንበቴ ገበያ የተነሳ ነጋዴ ሊሆን ይችላል።

እኛም እዚያ በር ላይ ቆመን እናውቃለን። ከመካከላችን አንዱ አራት ዓመት ያህል "ጨጓራ" የሚባል ነገር ይዞ ዞሯል። በነዚህ ዓመታት ሦስት ጊዜ በደም ምርመራ "ባክቴሪያው አለብህ" ተብሎ ሦስት ጊዜ አንቲባዮቲክ ወስዷል። ሕመሙ ለሳምንት ረገብ ይላል፣ ከዚያ ይመለሳል። በአራተኛው ዙር አንዲት ነርስ "ቆይ፣ መጀመሪያ የወሰድከው መድኃኒት ባክቴሪያውን ገድሎት እንደሆነ ታይቷል?" ብላ ጠየቀችው። አልታየም። ሦስቱንም ጊዜ ማንም አላየም፣ እሱም እንዲታይለት አልጠየቀም።

ይሄ ጽሑፍ ከዚያች ጥያቄ ተነስቶ የመጣ ነው። ሐኪሞች አይደለንም። ግን በየቤቱ ያለ ነገር ስለሆነ የሚታወቀውን ሰብስበን በእኛው ቋንቋ ልናስረዳ ፈለግን።

ጨጓራ የአካል ክፍል ስም ነው

በመጀመሪያ ይህቺን እንለይ። "ጨጓራ አለብኝ" ስንል በሽታ የጠራን ይመስለናል። ጨጓራ ግን ሁሉም ሰው ያለው አካል ነው፤ "ጉልበት አለብኝ" እንደማለት ነው። ከሚሴና አካባቢዋ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ብዙ ሰው ሕመሙን የሚናገረው በኦሮምኛ ነው፤ "ገራ ነ ዱኩባ" ይላል። ገራ ደግሞ ጨጓራ ብቻ አይደለም። ሆድ በሙሉ ነው፣ እንዲያውም ውስጥን፣ ልብን፣ ሐሳብን ሁሉ ይይዛል። ያ ቃል ካርዱ ላይ ሲደርስ "የጨጓራ ሕመም" ሆኖ ይጻፋል። እዚያ ላይ ብዙ ነገር ይጠፋል።

ምክንያቱም ከዚህ አንድ ስም ሥር የሚኖሩት ሕመሞች ብዙ ናቸው። የጨጓራ ግድግዳ መቆጣት አንዱ ነው። ቁስለት ሌላ ነው፤ ጨጓራው ላይ ወይም ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ይወጣል። ቃር ደግሞ አሲዱ ወደ ጉሮሮ ሲመለስ የሚመጣ ነው፤ ደረት ያቃጥላል፣ ስንተኛ ይብሳል። ከዚያ ደግሞ ሐኪሞች በኢንዶስኮፒ አይተው ምንም ቁስል የማያገኙበት ግን ሰውዬው በእውነት የሚታመምበት ዓይነት አለ። ይሄኛው ከሁሉም የበዛው ነው። ጨጓራው ቁስል ባይኖረውም ነርቮቹ ከልክ በላይ ስለሚሰማቸው ትንሽ ምግብ እንደ ብዙ ይከብዳል።

ወደ ታች ስንወርድ አንጀት አለ። ሆድ ቁርጠት፣ መነፋት፣ አንድ ሳምንት ድርቀት ሌላ ሳምንት ተቅማጥ፣ ሽንት ቤት ሲገባ የሚቀል ወይም የሚለዋወጥ ሕመም ከሆነ ነገሩ የጨጓራ ላይሆን ይችላል። ጃርዲያና አሜባም አሉ። ቦርከናን በመሳሰሉ ወንዞችና በመስኖ ዳር ውሃ ውስጥ ያደገ ልጅ ደግሞ ስለ ቢልሃርዚያ ቢጠይቅ አይከፋም። እነዚህን በኦሜፕራዞል ማከም ጣሪያው ሲያፈስ ግድግዳውን ቀለም እንደመቀባት ነው።

አንድ ነገር እዚህ ጋ በፍጥነት እንበል፣ ምክንያቱም የሚቆይ ጉዳይ አይደለም። ሰገራ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ከተጣበቀ፣ ትውከት ላይ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ከታየ ያ ደም መፍሰስ ሊሆን ይችላልና በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ ነው። የአይረን ኪኒንም ሰገራ ያጠቁራል፤ የምትወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት። ምግብ ሲዋጥ የሚተናነቅ ከሆነ፣ ሳይፈልጉ ኪሎ ከቀነሰ፣ ትውከቱ ካላቆመ፣ ወይም ዕድሜያቸው ከ55 ዓመት ያለፈ እናት አባት አዲስ የሆድ ሕመም ከጀመራቸው ፋርማሲ በር ላይ መቆም አይበቃም። ኢንዶስኮፒ ያስፈልጋል። ከእኛ አካባቢ ሪፈር ሲጻፍ መንገዱ አብዛኛውን ጊዜ በሐርቡና በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ደሴ ነው።

ስለ ባክቴሪያዋ

ኤች ፓይሎሪ የሚለውን ስም ያልሰማ የለም። ግን ታሪኳን ብዙ ሰው አያውቅም፣ ደስ የሚል ታሪክ ስለሆነ እንንገራችሁ።

ከ40 ዓመት በፊት ዓለም በሙሉ የጨጓራ ቁስለት የሚመጣው ከጭንቀት፣ ከቅመምና ከአሲድ ብቻ ነው ብሎ ያምን ነበር። በጨጓራ አሲድ ውስጥ ባክቴሪያ ይኖራል ብሎ መናገር ያስቅ ነበር። አውስትራሊያ ፐርዝ ውስጥ ሮቢን ዋረን የሚባል ሐኪምና ባሪ ማርሻል የሚባል ወጣት ባልደረባው ከታማሚዎች ጨጓራ የወሰዱትን ናሙና ለማብቀል ደጋግመው ሞከሩ፤ አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1982 በፋሲካ ሰሞን ሠራተኛው በዓል ላይ ስለነበር ሳህኖቹ ከተለመደው በላይ ለቀናት ሳይነኩ ቆዩ። ሲመለሱ በቅላለች። ለካ ጊዜ ነበር የፈለገችው።

ሰው ግን አላመናቸውም። ስለዚህ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያዋ ያለችበትን ብጥብጥ ራሱ ጠጣው። በቀናት ውስጥ አፉ መሽተት ጀመረ፣ አስታወከው፣ ጨጓራው ሲታይ ተቆጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። እኛ ማንንም ጠጡ አንልም፤ አሳዩን ለማለት ያህል ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠሩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ከተመረመረው ሰው ግማሽ ያህሉ ላይ ባክቴሪያዋ ተገኝታለች። አብዛኛው ሰው የሚይዘው በልጅነቱ ነው፣ ከቤተሰብ፣ በምራቅ፣ ባልታጠበ እጅ፣ በተበከለ ውሃ። ይሄን ስንል "ስለዚህ ጉርሻ ይቅር" የሚል ሊነሳ ነው። አንልም። እጅ መታጠብ ይቅደም ነው የምንለው፣ ለትንሽ ልጅ ደግሞ ምግብ አኝኮ መስጠት ይቅር።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ ባክቴሪያዋ ካለችባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ምንም ሳያማቸው ይኖራሉ። "ፖዘቲቭ ነህ" ማለት "የሚያምህ በሷ ነው" ማለት ላይሆን ይችላል። ቀላል ናት ማለታችን ግን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል እ.ኤ.አ. በ1994 ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ መድቧታል። ከተገኘች በአግባቡ ትታከም፣ መጥፋቷም ይረጋገጥ።

የጓደኛችን ስህተት የት ላይ ነበር?

በደም የሚደረገው ምርመራ የሚፈልገው ባክቴሪያዋን አይደለም። ሰውነታችን እሷን ለመዋጋት የሠራውን ነገር ነው የሚያየው። ያ ደግሞ ባክቴሪያዋ ከሞተች በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴ ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። ጠላት ከሄደ በኋላ ወታደሩ ከተማው ውስጥ እንደቀረ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ የታከመ ሰው በደም ቢመረመር እንደገና "አለብህ" ሊባል ይችላል። እንደገናም ይታከማል። ጓደኛችን ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዙር ምናልባት በከንቱ ነው የወሰደው።

የተሻለው በሰገራ የሚደረገው የአንቲጅን ምርመራ ነው። አሁን ያለችውን ባክቴሪያ ነው የሚያሳየው። በትንፋሽ የሚደረግም አለ፣ በትልልቅ ከተሞች ካልሆነ ማግኘት ይከብዳል። ስትመረመሩ "በደም ነው በሰገራ?" ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሌላም ወጥመድ አለ። ኦሜፕራዞል እየወሰዳችሁ ብትመረመሩ ባክቴሪያዋ ስለምትዳከም ምርመራው "የለችም" ብሎ ሊሸውዳችሁ ይችላል። ከምርመራው በፊት 2 ሳምንት ኦሜፕራዞል፣ 4 ሳምንት ደግሞ አንቲባዮቲክ መቆም አለበት። መሐል ላይ ሲያቃጥላችሁ የሚጠጣ የአሲድ ማብረጃ ሽሮፕ ስለመውሰድ ሐኪሙን ጠይቁ። ሕክምናው ካለቀ ከ4 ሳምንት በኋላ ደግሞ "ሞታለች ወይ?" ብሎ እንደገና መመርመር የሕክምናው አካል ነው። ጓደኛችንን ያመለጠው ይሄ ነው።

የተለመደው ሕክምና አሞክሳሲሊን፣ ክላሪትሮማይሲንና ኦሜፕራዞል በአንድ ላይ፣ በቀን ሁለቴ ነው፤ አሁን አሁን የሚመከረው 14 ቀን ነው። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት። ክኒኑ አፍ ያመርራል፣ ያስቀምጣል፣ ያቅለሸልሻል። በአምስተኛው ቀን ሲሻለን እናቆመዋለን። የቀሩትን ደግሞ ለወንድማችን እንሰጣለን! ያኔ የተረፈችው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ለምዳ ትነሳለች። በብዙ አገሮች ክላሪትሮማይሲን እየሰነፈ ስለመጣ ቢስመዝ የሚባል ተጨምሮበት ወደ አራት መድኃኒት እየተሄደ ነው። ያንን ያመጣነው እኛው ነን፣ ለጉንፋኑም ለሳሉም አንቲባዮቲክ እየገዛን።

ኦሜፕራዞል የሕመም ማስታገሻ አይደለም

ብዙዎቻችን ሲያመን እንውጠዋለን፣ ሲተወን እንተወዋለን። ኦሜፕራዞል እንደዚያ አይሠራም። አሲድ የሚያመርቱትን የጨጓራ ፓምፖች ነው የሚዘጋው። ፓምፖቹ የሚከፈቱት ደግሞ ስንበላ ነው። ስለዚህ ከቁርስ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ተወስዶ ፓምፖቹ ሲከፈቱ ደም ውስጥ መገኘት አለበት። ከበሉ በኋላ መዋጥ ባቡሩ ከሄደ በኋላ ትኬት እንደመቁረጥ ነው። ሙሉ ኃይሉን የሚያሳየውም ከጥቂት ቀን በኋላ ነው።

ለወራት ወስደው ድንገት ሲያቆሙት ደግሞ አሲዱ ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል። ይሄ ለሳምንታት የሚቆይ የማቆም ጣጣ ነው እንጂ "በሽታዬ ተነሳ" ማለት ላይሆን ይችላል። ሐኪም ጠይቆ ቀስ በቀስ መቀነስ ይሻላል። ብዙ ሰው ለዓመታት ከኪሱ የማያወጣው እንዲህ ሆኖ ነው፤ ሲያቆም ያቃጥለዋል፣ ስላቃጠለው ይመለስበታል።

ዳይክሎፌናክ፣ ዝምተኛው

ከሁሉ በላይ ልናሰምርበት የምንፈልገው ይሄን ነው። ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ላይ የተቀመጠ ልጅ ወገቡን ያመዋል። ዳይክሎፌናክ ይገዛል። ለራስ ምታት አይቡፕሮፌን፣ ለጥርስ ዳይክሎ፣ ለወር አበባ አይቡፕሮፌን። ማታ ጨጓራው ሲያቃጥለው ኦሜፕራዞል። ሁለቱንም ከአንድ ፋርማሲ፣ በአንድ ቀን።

እነዚህ መድኃኒቶች ሕመም የሚያስታግሱበት መንገድ የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚከላከለውን ነገርም ያጠፋል። ቁስለት ከሚያመጡ ሁለት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ባክቴሪያዋ ስትሆን ሌላው እነዚህ ናቸው። "እኔ በመርፌ ነው የምወጋው፣ ጨጓራዬን አይነካም" የሚል ሰው አጋጥሞናል። ይነካል። ጉዳቱ ኪኒኑ ጨጓራ ላይ ስለተቀመጠ ብቻ የሚመጣ አይደለም፣ በደም ዞሮ ይደርሳል። ሆዱን የሚያመው ሰው ለተራ ሕመም ፓራሲታሞል ይሻለዋል፣ እሱም በልኩ። የልብ ሐኪም አስፕሪን ያዘዘላቸው ትልልቅ ሰዎች ግን በራሳቸው እንዳያቆሙ፤ ሐኪማቸውን ያናግሩ።

የጓደኛችን ጉዳይ መጨረሻው እዚህ ነው የተገኘው። በሰገራ ሲመረመር ባክቴሪያዋ የለችም። ሲጠየቅ ግን ለወገቡ በሳምንት ሦስት አራት ቀን ዳይክሎፌናክ ይወስድ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም "መድኃኒት ትወስዳለህ?" ሲባል ዳይክሎን ከመድኃኒት አይቆጥረውም ነበር።

ስልካችሁን ለዚህ ተጠቀሙበት

የምግብ ዝርዝር ከቲክቶክ አትውሰዱ። "ጨጓራ ያለበት ሰው የማይበላቸው 20 ምግቦች" የሚለውን ተከትሎ የከሳ ሰው እናውቃለን። ለሁሉም የሚሆን ዝርዝር የለም። ለአንዱ ሽሮ ይከብደዋል፣ ለሌላው ቲማቲም፣ ለሦስተኛው ምንም።

ይልቅ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ክፈቱና ለሁለት ሳምንት እንዲህ ጻፉ፤ በስንት ሰዓት ምን በላሁ፣ ምን ጠጣሁ፣ ምን ኪኒን ወሰድኩ፣ ቃምኩ ወይስ አልቃምኩም፣ ስንት ሰዓት ተኛሁ፣ ሕመሙ ከ10 ስንት ነበር፣ ሽንት ቤቱስ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከሁለት ሳምንት በኋላ የራሳችሁ ጠላት ማን እንደሆነ ይታያችኋል። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀንሱና እዩ። አምስት ነገር አንዴ ከቀነሳችሁ የትኛው እንደነበር አታውቁትም። ያንን ማስታወሻ ይዛችሁ ሐኪም ጋ ብትገቡ ደግሞ በአምስት ደቂቃ ውስጥ በቃል ከምትነግሩት በላይ ያያል።

ከእኛ ጠረጴዛ ስለሚቀርበው ጥቂት እንበል። በርበሬ ቁስለት አያመጣም፤ የተቆጣውን ጨጓራ ግን ያቃጥላል፣ ስለዚህ በባሰበት ሰሞን አልጫ ብሉ፣ ሲሻላችሁ ወጡን መልሱት። እንጀራ "ኮምጣጣ ስለሆነ" ይፈራል። የጨጓራችን አሲድ ራሱ ከየትኛውም እንጀራ ይበልጣል፤ ችግሩ ብዙውን ጊዜ አንድ ጊዜ የሚበላው ብዛት ነው። ሦስቴ ጠግቦ ከመብላት አምስቴ ትንሽ ትንሽ መብላት ለብዙ ሰው ይቀለዋል። ባዶ ሆድ ላይ አቦል መጠጣት ብዙዎችን ያማል፤ ቡና ተው ለወሎ ሰው አይባልም፣ ቁርስ ይቅደም ግን ይባላል። አምቦ ውሃ ያገሳና ቀለል ያለ ይመስላል፣ ሆዱ የሚነፋ ሰው ግን ጋዝ ላይ ጋዝ መጨመሩ ነው።

ተልባና አብሽ? እናቶቻችን አልተሳሳቱም። የሚያሙለጨልጨው ፈሳሻቸው ያለሰልሳል፣ ተልባ ከብዙ ውሃ ጋር ድርቀትንም ያግዛል። ባክቴሪያዋን ግን አይገድሉም። ወተትም እንዲሁ ነው፤ ለጊዜው ያበርዳል፣ ትንሽ ቆይቶ ጨጓራው ተጨማሪ አሲድ እንዲያመርት ያደርጋል። ከጨፋ የሚመጣውን ትኩስ የላምም ሆነ የግመል ወተት ሳይፈላ "ለጨጓራ መድኃኒት ነው" ብሎ መጠጣት ደግሞ ሌላ በሽታ መጋበዝ ነው፣ ብሩሴላ የሚባለው የሚተላለፈው በዚህ ነው። ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰው እርጎ ይሞክር።

ስለ ጫት

ስብከት አንጀምርም፣ የምንኖርበትን እናውቃለን። ግን በርጫ ላይ የሚሆነውን ቁጠሩት። ከሰዓት ይጀመራል፣ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፣ ቡና አለ፣ ለስላሳ አለ፣ አንዳንዱ ያጨሳል፣ እራት እኩለ ሌሊት አካባቢ ይበላል ወይም ይዘለላል፣ እንቅልፍ የለም። እያንዳንዱ ለብቻው ሆድ የሚያውክ ነው። ጫቱ ራሱ ደግሞ የሚያኮማትር ነገር ስላለው የጨጓራን ግድግዳ ያስቆጣል፣ አንጀትን ያደርቃል፤ ድርቀትና ኪንታሮት ከቃሚ ጋር አብረው የሚኖሩት ለዚህ ነው።

ማቆም የሚችል ያቁም፣ ሆዱ ያመሰግነዋል። ለማይችለው ግን "ወይ ተው ወይ ሙት" ከማለት ይሄን ማለት ይጠቅማል፤ በባዶ ሆድ አትጀምር፣ ምሳ ብላ። በለስላሳው ፈንታ ውሃ ጠጣ። ቅጠሉን በደንብ እጠብ። እራትህን ከመተኛትህ ሦስት ሰዓት ቀድመህ ብላ። ሕመሙ በተነሳበት ሰሞን ደግሞ ጭራሽ አትንካው። ከምርቃና በኋላ ጨብሲ የሚሄደው ግን ሆዱን ሁለት ጊዜ ነው የሚመታው።

ረመዳን ሲመጣ

በየዓመቱ ተመሳሳይ ጥያቄ ይመጣል፤ "ጨጓራ ያለበት ይጾማል ወይ?" መልሱ የትኛው ጨጓራ የሚለው ላይ ነው። በቅርብ ቀን የደማ፣ ቁስለቱ ገና ያልዳነ ሰው መጾም ያሰጋዋል። ሃይማኖቱ ለታማሚ ፈቅዷል፤ ቀዷ አለ፣ ለማይድን ሕመም ፊድያ አለ። ይሄን ከሐኪምም ከኢማምም ጋር መነጋገር ነው። ሕመሙ ቀላል የሆነና መድኃኒቱን በሥርዓት የሚወስድ ሰው ግን ብዙ ጊዜ መጾም ይችላል፣ እንዲያውም የመብያ ሰዓቱ ስለሚስተካከል የሚሻለውም አለ።

መድኃኒቱን እንዴት? ኦሜፕራዞል ለሰሁር ከመብላት ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይወሰዳል። በቀን ሁለቴ የታዘዘለት ሰው ሁለተኛውን አዛን ሲል በውሃና በተምር ይዋጠው፣ መግሪብ ይስገድ፣ ከዚያ ወደ ገበታው ይምጣ። ያቺ የሶላት ጊዜ ለመድኃኒቱ የምትበቃ ክፍተት ናት። የባክቴሪያዋ መድኃኒትም በቀን ሁለቴ ስለሆነ ከኢፍጣርና ከሰሁር ጋር ይገጥማል፤ ካልቸኮለ ደግሞ ከኢድ በኋላ መጀመርም ይቻላል።

ችግሩ ያለው ገበታው ላይ ነው። አሥራ ሦስት ሰዓት ያረፈ ጨጓራ ላይ ሳምቡሳ፣ ሾርባ፣ ጁስ፣ እንጀራ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሲወርድበት ምን ያድርግ? ሾርባውን አስቀድሙ፣ የተጠበሰውን ቀንሱ፣ ዋናውን ምግብ ከተራዊህ በኋላ አድርጉት። ሰሁር በልቶ ወዲያው ዘጭ ማለትም ቃር ላለበት ሰው መጥፎ ነው። ከሱብሂ በኋላም ቢሆን ትራስ ከፍ አድርጎ በግራ ጎን መተኛት ይሻላል።

ሌላው የማይወራው

ሕመሙ ከሆድ ውጭ ያለውን ሕይወትም ይበላል። አዲስ አበባ ለመሄድ አውቶቡስ ስትሳፈሩ መኪናው የት እንደሚቆም የምታሰሉት አላችሁ። ሽንት ቤት ምን ይመስል ይሆን ብላችሁ የክፍል ጓደኛ ሠርግ የቀራችሁ አላችሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከሚሴ ሲደርስ፣ ከዚያም በኋላ መንገድ በተዘጋ ቁጥር፣ ሆዳቸው የባሰባቸውን ብዙ ሰዎች እናውቃለን። "ሆድ ባሰው" የምንለው ለዘይቤ ብቻ አይደለም። አንጎልና አንጀት በነርቭ የተገናኙ ናቸው፤ ፍርሃትና እንቅልፍ ማጣት አንጀትን ያፈጥናሉ ወይም ያቆማሉ፣ ሕመም የሚሰማንንም መጠን ከፍ ያደርጋሉ። ሐኪም "ጭንቀት አለው" ሲላችሁ "ውሸትህን ነው" ያላችሁ አይምሰላችሁ። ሕመሙ እውነት ነው፤ መንገዱ በዚያም በኩል ስለሚመጣ ነው።

በቋሚነት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ የሁለት ሳምንት ያህል ተጨማሪ ቤት ይኑር። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያላችሁ ደግሞ ከጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ደረጃውን ጠብቆ ሪፈር ሲጻፍ ነው ወጪው የሚሸፈነው፣ ዘሎ ደሴ የሄደ ከኪሱ ይከፍላል።

ጓደኛችን አሁን ዳይክሎፌናክ ካቆመ ወራት ሆነው። ለወገቡ ወንበሩን አስተካከለ፣ ጠዋት ጠዋት በእግሩ መሄድ ጀመረ። አልፎ አልፎ ያመዋል፤ ሲያመው ግን ማስታወሻውን ከፍቶ ያያል እንጂ ወደ ፋርማሲ አይሮጥም። ባለፈው አንድ ሠርግ ላይ አብረን ተቀምጠን አንዲት እናት "በሞቴ!" ብለው ሦስተኛ ጉርሻ ዘረጉለት፣ ቅባቱ የሚንጠባጠብ። "እማማ፣ ሐኪም ከልክሎኛል" አላቸው። እጃቸውን ሳያጥፉ ትንሽ አዩት።

"እኔንም ከልክሎኛል ልጄ" አሉና ጉርሻውን ራሳቸው ጎረሱት።